ሠራዊቱን ማዋሃድ ወይስ አዛዡን?

ምድር ጦርን፣ ባሕር ኃይልንና አየር ኃይልን በአንድ እዝ ለማሰለፍ ሁለት መንገድ አለ። የካናዳው ሦስቱን አፍርሶ አንድ ያደርጋል። የአሜሪካው ክፍሎቹን እንዳሉ ትቶ የዘመቻውን አዛዥ አንድ ያደርጋል።

ወጪ፦ ካናዳ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ስታዋህድ አንዱ ዓላማ ቁጠባ ነበር። አንድ ስንቅና ትጥቅ፣ አንድ ደመወዝ ክፍል። የአሜሪካው ድርብርብ ነው፤ ውድ ነው።

አሠራር፦ አሜሪካ የነቃችው በደም ነው። በ1980 ኢራን በረሃ ላይ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተርና የአየር ኃይል አውሮፕላን ተጋጭተው 8 ሰው ሞተ። በ1983 ግሬናዳ ላይ የምድር ጦሩ ሬዲዮ ከመርከቦቹ ጋር አልገጥም አለ። ለዚህ መልስ በ1986 የወጣው ሕግ የቀጣና አዛዦችን (በአንድ የዓለም ክፍል የተሰማራውን ጦር በጋራ የሚመሩትን) በቀጥታ ከፕሬዚዳንቱና ከመከላከያ ሚኒስትሩ ሥር አደረገ። ብልጠቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጄኔራል መሆን የፈለገ መኮንን በመርህ ደረጃ መጀመሪያ በጋራ እዝ መሥራት አለበት ተባለ። ሹመት ከተነካማ ማን አይተባበር!

ስጋት፦ የካናዳ መርከበኛ እንደ ሁሉም አረንጓዴ ልበስ ሲባል አኮረፈ። አድሚራሎችም ለቀቁ። የሦስቱ ክፍሎች የቀድሞ ስሞች በ2011 ተመለሱ።

ለማን? ጦሩ ትንሽ፣ በጀቱ ጠባብ ከሆነ የካናዳው ያዋጣል፤ ዩኒፎርሙን ግን ባይነኩት ይሻላል። በብዙ ቀጣና ለተበተነ ትልቅ ጦር የአሜሪካው ይመረጣል።