ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለሚቀመጡት ሐጂ ምስጋና፣ ለሹፌሮች ደግሞ ጥቆማ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ሹፌሮች፣ የሹፌር ቤተሰቦች፣ ባጃጅ የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ጽሁፍ ሳታነቡ አትለፉ። የምጽፈው አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ብዙ ሰው የሚምታታበትን ነገር እነግራችኋለሁ።

የማመሰግናቸው ሰው ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ አጥሩን ተጠግተው በላስቲክ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊ፣ ማለትም ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ስማቸውን ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «ተይ ልጄ፣ እዚያ ስልክ ውስጥ አታስገቢኝ» አሉኝ። እንግዲህ ሐጂ ብለን እንለፋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ በደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ይሠራል። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠመዝማዛው አንሶ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ በግምት ነው የሚታየው። አንድ ጠዋት ዳገቱን ጨርሶ ደሴ ሊገባ ሲል ከፊቱ የነበረ ሞተረኛ በድንገት ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ነካው፣ ልጁ ወደቀ፣ እጁ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ የባሰ አልመጣም። ትራፊክ መጣ፣ ቦታውን ለካ፣ ፕላን አነሳ። እግረ መንገዱን ተሳፋሪ ሲቆጥር ትርፍ ሰው ተገኘ። ለትርፉ ክስ ጻፈለትና መንጃ ፈቃዱን ያዘበት።

ወንድሜ የትርፉን ቅጣት ከፈለ፣ ደረሰኙን አሳየ፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ። ሞተረኛውንም ሆስፒታል እየተመላለሰ ጠየቀው፣ መድኃኒትም ገዛለት። እኛ ቤት ጉዳዩ ተዘግቷል። ከዚያ መጥሪያ መጣ።

እናቴ «ከፍሎ የለም እንዴ? ስንቴ ነው የሚከፈለው?» አለች። መናኸሪያ ብትሄዱ ግማሹ ሹፌር ይሄንኑ ነው የሚላችሁ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያገኘን አንድ ሸሚዙን ያሳመረ ጎልማሳ ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ዛሬውኑ እናዘጋዋለን» አለ። የጠራውን ብር ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ወንድሜ ግን ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ረግጦ ስለማያውቅ ላብ አጥምቆታል፣ ስልኩን አውጥቶ ጓደኛው ጋ ብድር ሊደውል ነው። ይሄኔ ከጥላው ሥር «ልጆች፣ እስቲ ወዲህ በሉ፣ መጥሪያዋን ላንብባት። ማንበብ በነፃ ነው» የሚል ድምፅ ሰማን። ያ ጎልማሳ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሐጂ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ። ማስመሪያ አወጡና ከእያንዳንዱ መስመር ሥር እያስገቡ ቀስ ብለው ጮክ ብለው አነበቡልን። መዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ ቀንና ሰዓት። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ማስመሪያውን አቁመው ወንድሜን ቀና ብለው አዩት። «ይቺን ካረፈድክ ሌላውን ሁሉ እርሳው። ካልቀረብክ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርብህ ይታዘዛል።»

ቀጥለው የእናቴን ጥያቄ መለሱልን። የትርፍ ሰው ቅጣት ደንብ መተላለፍ ነው፣ ተከፍሎ አልቋል። ሰው ሲጎዳ ግን ሌላ መዝገብ ነው። ፖሊስ ያጣራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የትርፉ ደረሰኝ እዚያ አይሠራም። ቻርጁ (የክስ ወረቀቱ) ላይ የተጠቀሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ነበር፣ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ። ሐጂ አንቀጹን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ ያለውን፣ የሰው ደኅንነት በሙያው አደራ የተሰጠውን ሰው ለይቶ እንደሚጠቅስና ቅጣቱም በእሱ ላይ እንደሚከብድ ነገሩን። ወንድሜ እንጀራው መንዳት ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

አሁን ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። ሐጂ ተነስተው ቆሙና «እኔ ዳኛ ነኝ፣ አንተ ተከሳሽ ነህ» አሉት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውን ጠየቁት። ከዚያ ኮስተር ብለው፦

«ድርጊቱን ፈጽመሃል?»

«አዎ ነክቼዋለሁ፣ ግን ጉም ነበር፣ እሱም በድንገት...»

«ቆይ። ይሄ ማመን ነው መካድ?»

«እኔ እንጃ ሐጂ።»

«እንግዲያው ሳታውቀው አትመልስ።»

የእምነት ክህደት ቃል የሚባለው ይሄ ነው። ተከሳሽ በክሱ ላይ ያለውን ነገር በሙሉ ያለ ምንም «ግን» ካመነ ፍርድ ቤቱ እዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ካላመነ ወይም ዝም ካለ ክዷል ተብሎ ይመዘገብና ምስክር ይሰማል። ወንድሜ «እንድዋሽ ነው እንዴ?» አለ፣ ልጁ የዋህ ነው። ሐጂም «ወላሂ ዋሽ አላልኩህም። መንካትና በቸልተኝነት መጉዳት ለየቅል ናቸው። የትኛውን እንደምታምን ከጠበቃ ጋር ተማክረህ ተናገር» አሉት።

እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኳቸው። ረጅም መልስ ጽፈው ብር ሊቀበሉን ይችሉ ነበር፣ እኛም አናውቅም። እሳቸው ግን «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ጠበቃ ይፈልጋል» ብለው የጻፉልን አንዲት አጭር ማመልከቻ ብቻ ናት። የክሱና የማስረጃው ግልባጭ እንዲሰጠው፣ ከጠበቃ ጋር የሚመክርበት ቀጠሮም እንዲፈቀድለት። የእሷን ሂሳብ ብቻ ተቀበሉ። ጨምሬ ስሰጣቸው «ለሻይ ካልሽ ሻይ እገዛልሻለሁ» ብለው መለሱልኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20ንም አነሱልን። ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው። አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ ደግሞ መንግሥት ያቆምለታል። እኛ ዘመድ ተባብሮልን ቀጥረናል። የሌለው ሰው ግን ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ።

በቀጠሮው ቀን የሆነውን በአጭሩ ልጨርሰው። የሁሉም ሰው ስልክ ተዘጋ፣ ዳኛዋ ሲገቡ ሁሉም ተነሳ፣ ስሙ ተጠራ። ክሱ ሲነበብለት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከጠበቃ ጋር እንድማከር ጊዜ ይሰጠኝ» አለ፣ ልክ እንደተለማመደው። ዳኛዋ ማመልከቻውን አዩ፣ ቀጠሮ ሰጡ፣ በቃ። ቡና ለመጠጣት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም። በውስጥ መስመር እየጻፋችሁም አማክሪን አትበሉኝ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የተጎዳውን ሰው ያሳከማችሁበትን፣ መድኃኒት የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ሹፌሩ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ተጎጂን መርዳትና መካስ ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል። ወንድሜ የመድኃኒቱን ደረሰኝ ሚኒባሱ ዳሽቦርድ ውስጥ ከቲኬትና ከማስቲካ ወረቀት ጋር ቀላቅሎ አስቀምጦት ኖሮ፣ ቆሻሻ መስሎት ሊጥለው ከነበረው ረዳት እጅ ነው የተረፈው።

ሐጂ፣ እርስዎ ይሄን አያነቡትም፣ የልጅ ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ ነው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዱዓ እያደረገችልዎት ነው።

እሳቸውን የምትፈልጉ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው በር ላይ ናቸው። አርብ ግን ከ5፡30 በኋላ ለጁምዓ ስለሚሄዱ እስኪመለሱ መጠበቅ ነው። መጥሪያችሁን ከነፎቶ ኮፒው ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውን ወረቀት እንደማያስቀሩ አስቀድመው ይነግሯችኋል።