የኪስ ሽጉጥ፦ ሩገር ኤልሲፒ ወይስ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642?

ፈቃድ ኖሮት ሽጉጥ በኪሱ ለሚይዝ ሰው እነዚህ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ኤልሲፒ ባለ ካዝና፣ 642 ደግሞ ባለ ከበሮ ሪቮልቨር።

ኤልሲፒ ባዶውን 270 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ኪስ ውስጥ መኖሩም ይረሳል። መደበኛ ካዝናው 6 ጥይት ይይዛል። 642 ግን 5 ብቻ ይጎርሳል፣ ከ400 ግራም በላይ ይከብዳል፣ ከበሮው ደግሞ ኪስ ያሳብጣል። እስካሁን ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ጥይት ሲከሽፍ በ642 ምላጩን ድጋሚ መሳብ ብቻ ነው፤ ከበሮው ዞሮ ቀጣዩን ያቀርባል። በኤልሲፒ ግን ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። የላይኛውን ተንሸራታች ወደ ኋላ ስቦ የከሸፈውን ማስወጣት አለ። እጅ እየተንቀጠቀጠ ይሄን ሞክሩት እስቲ! የ642 መምቻ ደግሞ ከውስጥ የተሸፈነ ነው። ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ አይዝም።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ለተኳሽ አይመቹም። ቀላል ሽጉጥ መዳፍ ይቀጣል። በተለይ 642 «.38 ስፔሻል» የሚባለውን ጥይቱን ሲተኩስ እጅ ያንገበግባል፤ ምላጩም ረጅምና ከባድ ነው። ጀማሪው «ትንሽ ናት፣ አትከብደኝም» ብሎ ይገዛና ልምምዱን ወዲያው ይተወዋል።

ለቀጭን ሱሪ ኤልሲፒን እመርጣለሁ፤ ለጃኬት ኪስ 642ን። የትኛውም ቢሆን ምላጩን የሚሸፍን ማህደር ውስጥ ይግባ። እዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍም ሳንቲምም አይጨመርም።