ኮዳክሮም ፊልም በቀለም እናጥባለን ለሚሏችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ

ቤታችሁ ውስጥ አባት ወይም አጎት ያስቀረው ያልታጠበ የስላይድ ፊልም (ታጥቦ በብርሃን ወይም በፕሮጀክተር የሚታይ)፣ በተለይ የኮዳክ ኩባንያው ኮዳክሮም፣ ካለ፣ ውጭ አገር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ የነቃሁት 150 ዩሮ ከተበላሁ በኋላ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካሜራ ይወድ ነበር። ባለፈው ዓመት ሳጥኑን ስናጸዳ ሦስት ጥቅል ፊልም አገኘን። ቆርቆሮው ላይ «ኮዳክሮም 64» ይላል። እማዬ ገና ስታየው አወቀችው። «የእህትህ ክርስትና ነው፣ የ75ቱ። ውጭ ተልኮ ነው የሚታጠበው እያለ ሳይልከው ቀረ» አለች።

አዲስ አበባ የጠየቅኳቸው ፎቶ ቤቶች «ይሄ እኛ ጋ አይሆንም» ብለው መለሱኝ። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ሐቀኞቹ እነሱ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አውሮፓ ያለ አንድ ላብራቶሪ አገኘሁ። ማንኛውንም አሮጌ ስላይድ፣ ኮዳክሮምንም ጭምር፣ በሙሉ ቀለም አወጣለሁ ይላል። ለአንድ ጥቅል 45 ዩሮ ማጠቢያ፣ 30 ዩሮ ደግሞ «ቀለም መመለሻ»። ደግነቱ ሁለቱን ብቻ ነው የሰጠሁት። ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ ሄደች። (ያልታጠበ ፊልም ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይላክም፤ የዛሬው የኤርፖርት መፈተሻ ጨረር ያበላሸዋል።)

ከአራት ወር በኋላ ፎቶዎቹ በኢሜይል መጡ። ሲታዩ ያምራሉ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ። ስልኬን ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ዝም ብላ ቆየች።

«ይሄ የማን ቀሚስ ነው?»

«ያንቺ ነዋ። አንቺ እኮ ነሽ እማዬ።»

«እኔማ ነኝ። ጥለቴ ግን ቀይ ነበር።»

ስልኩ ላይ ያለው ጥለት ሰማያዊ ነው። ተነስታ ቀሚሱን ከቁም ሳጥን አወጣችው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቀዩ ጥለት እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የቄሱ ጥላ በአንዱ ፎቶ ወይን ጠጅ ነው፣ በሚቀጥለው ቡናማ። ያው ጥላ፣ ያው ቀን፣ ያው በር ላይ። ፊልሙ ራሱ ሲመለስልኝ መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ግራጫ ብቻ ነው። በጥቁርና ነጭ አጥበው፣ ቀለሙን ኮምፒውተር በግምት እንዲቀባው አድርገው ነው የላኩልኝ።

ቅሬታ ስጽፍላቸው «ውጤቱ ዋስትና የለውም በሚለው ተስማምታችኋል» የሚል አንድ መስመር መለሱ። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም።

መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝ ይህን ነው። ኮዳክሮም እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ፊልም ነው፤ ሲሠራ ቀለም አልተደረገበትም። ያሉት ብርሃንን የሚለዩ ሦስት የጥቁርና ነጭ ድርብርቦች ናቸው። ቀለሙ የሚገባው ሲታጠብ ነው፣ ኬ-14 በሚባል ረጅምና አስቸጋሪ ሥራ። ሌላው የኮዳክ ስላይድ ኤክታክሮም ቅመሙ አብሮት እንደተፈጨ በርበሬ ነው። ኮዳክሮም ግን ቅመሙ ላብራቶሪው ውስጥ ነበር፤ ያ ላብራቶሪ ደግሞ ተዘግቷል። ኮዳክ ፊልሙን እንደሚያቆም ያሳወቀው በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም ላይ ኬ-14 የቀረው አሜሪካ፣ ካንሳስ፣ ፓርሰንስ ከተማ ውስጥ ያለው ድዌይንስ ፎቶ ብቻ ነበር። እሱም የደንበኛ ፊልም መቀበሉን በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አቆመ። ኬሚካሉም አይመረትም። በግላቸው ቀምመው የሞከሩ ሰዎች አሉ፣ ያ ግን ሙከራ ነው እንጂ በዋጋ የሚሸጥ አገልግሎት አይደለም።

በሣጥኑ ውስጥ የኮዳክ ፖስታ ካገኛችሁም አትጓጉ። ከአሜሪካ ውጭ በብዙ አገር የማጠቢያው ዋጋ ከፊልሙ ጋር አብሮ ይከፈል ነበር፣ ፖስታውም ለዚያ ነው። የአውሮፓው ፊልም የሚሄድበት የስዊዘርላንዱ የሎዛን ላብራቶሪ ግን በ2006 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ስለዚህ ቆርቆሮውን እዩት። «ኢ-6» (እንደ ኤክታክሮም ያሉ ስላይዶች የሚታጠቡበት ዘዴ) የሚል ከሆነ ዛሬም በቀለም የሚያጥቡት ብዙ ናቸው፤ ቀለሙ በእርጅና ሊዛባ ይችላል እንጂ እውነተኛ ቀለም ነው። «ኮዳክሮም» ወይም «ኬ-14» ካለ፣ ከጥቁርና ነጭ ውጭ ተስፋ የሚሰጣችሁን ተጠራጠሩ። ጥቁርና ነጩም ቢሆን ልምድ ይፈልጋል፤ ጀርባው ላይ መላቀቅ ያለበት ጥቁር የካርቦን ሽፋን አለ። ከመክፈላችሁ በፊት «የምታጥቡት በየትኛው ኬሚካል ነው? ቀለሙ ከፊልሙ ነው ወይስ ከኮምፒውተር?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ካድበሰበሱ ተዉት። በካርቶን ፍሬም የተቀመጠ ስላይድ ያላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፣ እሱ ድሮ ታጥቧል። ስካን ማስደረግ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥቁርና ነጭ ነው ቢሉኝ ኖሮ 45 ዩሮውን ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር። የእህቴ ፊት በግልጽ ይታያል፣ አባቴም በአንዱ ፎቶ መስታወት ውስጥ ካሜራውን ይዞ ቆሟል። ያናደደኝ ሐሰተኛው ሰማያዊ ጥለት ነው።

ሦስተኛው ጥቅል አሁንም ኮመዲኖው ውስጥ አለ። እማዬ በጥቁርና ነጭ ይታጠብ ብላለች። «ቀለሙን እኔ እነግራችኋለሁ» አለች።