ሐዋሳ ላለው ላፕቶፕ ጠጋኝ፣ ከአንዲት ቲቸር

የሐዋሳ መምህራን፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ላመሰግነውም፣ ልጠቁማችሁም ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፕሮጀክተር አለን። የልብን ሥዕል ግድግዳ ላይ አበራና በመጥረጊያ እንጨት እየጠቆምኩ "እዚህ ጋ፣ አይ እዚያ ጋ" እላለሁ። ጥላዬ ደግሞ ግማሹን ይሸፍነዋል። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ነው ብሎ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ጫነልኝ። ከነቫይረሱ! ፍላሾቼን ሁሉ በከለብኝ።

እዚህ ልጅ ጋ የሄድኩት ቫይረሱን ላስጸዳ ነበር። ሲጨርስ "ቲቸር፣ ግን ምን ሊሠሩበት ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። ዙምኢት የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ጫነልኝ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኮንትሮል ይዘሽ 1 ስትነኪ ሥዕሉ ይጎላል፣ 2 ስትነኪ ማውሱ እስክሪብቶ ይሆናል። አር ቀይ፣ ቢ ሰማያዊ ነው። ኢ የጻፍሽውን ያጠፋል፣ ኢስኬፕ ያስወጣሻል። እሱ ማውሱን አልነካም። "እርስዎ ይሥሩት" እያለ ሦስቴ አስደገመኝ። ቁልፎቹን በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ሰጠኝ፤ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

በማግስቱ ክፍል ገባሁ። ኦክስጅን የጎደለውን ደም በሰማያዊ፣ ከሳንባ የሚመለሰውን በቀይ እየሳልኩ ሄድኩ። ልጆቹ ሁሌ የሚሳሳቱት ሥዕሉ ላይ በግራ በኩል የሚታየው የልብ ቀኝ መሆኑ ላይ ነው። ሰማያዊዋ መስመር እዚያ ስትደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ "እንዴ! ለካ የሰውዬው ቀኝ ነው!" አለ። ስንት ዓመት በእንጨት የለፋሁበት ነገር ነው። የሳልኩትን በኮንትሮልና ኤስ አስቀምጬ በክፍሉ ቴሌግራም ላክሁላቸው።

የድሮ ፈተና ጥያቄ ከፒዲኤፍ ቆርጦ ማውጣትም አሳይቶኛል። ዊንዶውስ፣ ሺፍት እና ኤስ አንድ ላይ፣ በቃ። እኔ እኮ ስክሪኑን በስልክ ነበር ፎቶ የማነሳው። (ከማስተማራችሁ በፊት ቴሌግራማችሁን ዝጉ። የእኔን የዕቁብ ዕዳ ክፍሉ በሙሉ አንብቦታል።)

አንድ እንከን አለው፤ ሥራ ይበዛበታል። "ነገ" ካላችሁ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት። ያስከፈለኝ ቫይረሱን ላጸዳበት ብቻ ነው። ለትምህርቱ "ሻይ ይጋብዙኛል" ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን አልጋበዝኩትም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ።