ጎንደር ላይ ዕቃው አለ፣ መፍቻው የለም፦ የመለዋወጫ ሱቆቻችን ሲመዘኑ

ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። የቪትዝ፣ የኮሮላ፣ የሃይስ፣ የባጃጅና የአይሱዙ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያና ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ከፒያሳ ሳይርቁ ይገኛል። ለዚህ ብሎ ሶማሌ ተራ መደወልና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክ መኪና አቁሞ መጠበቅ ከንቱ ነው። ቅሬታው ሌላ ነው፤ ሱቆቹ የሚሸጡት በመኪና ስም ነው። «የቪትዝ ፓድ» ስትሉ ፓዱ ባንኮኒው ላይ ይወጣል፣ የየትኛው ቪትዝ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቪትዝ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ባለ 1.0 ሊትርም ባለ 1.3 ሊትርም አለው፤ ከ2005 ወዲህ የመጣው ባለ 1.0 ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አምስት በአምስት የተከፈለ ነው። የፊተኞቹ አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፦ 04465 የፊት ፍሬን ፓድ፣ 04495 የኋላ ፍሬን ሸራ፣ 31250 የፍሪሲዮን ሸራ። የየትኛው መኪና እንደሆነ የሚለዩት የኋለኞቹ አምስት ናቸው። ሻጩ የፊተኞቹን ብቻ አይቶ «ያው ነው» ካለ አትመኑት። የፓድ ጆሮ ትንሽ ስለሰፋ በሞላ (በብረት መሳያ ማሽን) ሞርዶ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ያዘመመ ፓድ ግን ቤቱ ውስጥ ይነክሳል፣ በአንድ ወገን ያልቃል፣ ዲስኩንም ያግላል። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም።

ሱቆቹን ያለ ማቅማማት የማመሰግነው በኩሽኔታ ነው። እዚህ ላይ የመኪና ስም መጥራት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ይበቃል። 6204 ማለት ውስጡ 20፣ ውጩ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዲናሞም በወፍጮ ሞተርም ያው ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ብታባዙ የውስጡን ስፋት ታገኛላችሁ፣ 6205 ባለ 25 ነው። ስለዚህ የመኪና ዕቃ ቤት ከሌለ የወፍጮ ዕቃ ቤት ጠይቁ። ሁለት ዜድ ያለበት ክዳኑ ብረት ነው፣ አርኤስ ያለበት ጎማ ነው፤ ጭቃና ውኃ ለሚነካው ጎማውን ውሰዱ። ሲ3 የሚል ካለበት ለሙቀት ተብሎ ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነውና በሌላ አትተኩት። ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው ኦይል ሲልም እንዲሁ ነው፣ ውስጡን፣ ውጩንና ውፍረቱን የሚናገር 35×50×8 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ፈልጉ።

የራዲያተር ክዳን ሲገዙ ላዩ ላይ ያለውን የግፊት ቁጥር የሚያይ የለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ተራ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሳይፈላ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። በባለ 1.1 ክዳን ፋንታ ባለ 0.9 ከተገጠመ ዳገት ላይ ውኃ ሲተፋ ጥፋቱ ምንም በማያውቀው ቴርሞስታት ላይ ይለጠፋል።

በመፍቻ በኩል ግን ውጤታቸው ደካማ ነው። ባለ ሳጥን የቡሽ መፍቻ ሞልቷል፤ ቡሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቀውን ቶርክ መፍቻ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል። የኮሮላው 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ ሞተር የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ቡሎን መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። ይህን በክንድ ግምት የሚያጠብቅ ጋራዥ አዲስ ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ያቃጥላል። ሦስት አራት ጋራዦች አዋጥተው አንድ ባለ ግማሽ ኢንች ቶርክ መፍቻ ቢያስመጡ ይሻላል፤ ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ካልተመለሰ ግን ስፕሪንጉ ይደክምና ልኩን ይስታል።

የባጃጅ ማግኔት (ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚዞረው) መንቀያም እንዲሁ ብርቅ ነው። ጥርሱ ከማግኔቱ ጥርስ ጋር ልክ መሆን አለበት፤ በመዶሻ የተነቀለ ማግኔት ይሰነጠቃል ወይም የክራንኩን ጫፍ ያበላሻል። ከሌለ አሮጌውን ማግኔት ይዛችሁ ቶርኖ ቤት አስቀርጹ።

የአይሱዙ ጎማ መፍቻ፣ በአንድ ጫፍ 41 በሌላው ባለ አራት ማዕዘን 21 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ይገኛል። በቀድሞዎቹ አይሱዙዎች የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ቧንቧ አስረዝሞ ከመጫን በፊት ቡሎኑ ጫፍ ላይ ኤል የሚል ምልክት መኖሩን እዩ።