ባለ 5 ሊትር የቤት ውስጥ ቢራ መጥመቂያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ስብስቡ የያዘው ይህን ነው፦ ባለ 5 ሊትር የመስታወት ጠርሙስ፣ ባለ ቀዳዳ የጎማ ውታፍ፣ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው ኤርሎክ፣ የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የስኳሩን መጠን የሚያሳየው ሃይድሮሜትር ከነመለኪያ ቱቦው፣ የናይሎን ከረጢት፣ መቅጃ ቱቦ እና ባለ ሁለት እጀታ የቆርኪ ማሸጊያ። ድስቱ አብሮ አይመጣም። ማዕድ ቤት ውስጥ 10 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ካለ ይበቃል፤ 8 ሊትር የሚይዘው ግን ገና መንተክተክ ሲጀምር ይገነፍላል።

መጠኑ ስላነሰ ሥራው የሚያንስ ከመሰለዎት ተሳስተዋል። 4 ሊትር መጥመቅ ከነጽዳቱ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 20 ሊትር ከሚፈጀው ብዙም አይርቅም። ማፍላቱና ማቀዝቀዙ ይቀላል፣ ልኬቱ ግን ይከብዳል። ከ20 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ከአተላው ጋር ቢቀር ማንም ልብ አይለውም፤ ከ4 ሊትር ላይ ሲቀር ግን አንድ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ ጠፋ ማለት ነው። ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ ሆፕ፣ 2 ግራም አለልክ ከገባ ምሬቱ አፍ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ በስብስቡ ውስጥ የሌለው፣ አብሮ መገዛት ያለበት ዕቃ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ነው።

ደህና ውጤት የሚሰጠው ልክ 1 ኪሎ የተከካ ነጣ ያለ ብቅል ለ7 ሊትር ውሃ ነው። ብቅሉ መከካት እንጂ መፈጨት የለበትም፤ ዱቄት ከሆነ ከረጢቱን ይደፍነዋል። ውሃው 70 ዲግሪ ሲደርስ ብቅሉ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ይገባል፣ ሙቀቱም ወደ 67 ይወርዳል። እዚያው ላይ 60 ደቂቃ ይቆይ። ይህን ያህል ትንሽ ድፍድፍ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እሳቱን አጥፍቶ ድስቱን ከነክዳኑ በብርድ ልብስ መጠቅለል ይሻላል። በመሃል እሳት መስጠት የግድ ከሆነ ከከረጢቱ ሥር የተገለበጠ የብረት ሳህን ይቀመጥ፤ ናይሎኑ የጋለ የድስት ወለል ነክቶ ከቆየ ይቀልጣል።

ከረጢቱ ወጥቶ ሲንጠፈጠፍ 6 ሊትር ገደማ ይቀራል። ይህ 60 ደቂቃ ክዳኑ ተከፍቶ ይፈላል። ክዳን ከተደረገበት የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ የሚያመጣው ውህድ በእንፋሎት መውጣቱ ቀርቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል። አልፋ አሲዱ (ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) 5 በመቶ የሆነ ሆፕ ከሆነ 8 ግራም መፍላት ሲጀምር፣ 5 ግራም ደግሞ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይጨመራል። አፈ ሰፊ ድስት በሰዓት እስከ 2 ሊትር ያተንናል፣ ጠባቡ ያነሰ። ግምቱን ለማቆም በማማሰያው ላይ የ4.5 ሊትር ከፍታ በቢላ ምልክት ይደረግ፤ ፈሳሹ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ድስቱ ከእሳት ይወጣል። ቀዝቅዞ ሲለካ ሃይድሮሜትሩ 1.050 አካባቢ ያሳያል።

የመስታወት ጠርሙሱ የስብስቡ ምርጥ ክፍል ነው። አይጫጫርም፣ ሽታ አይዝም፣ ውስጡ የሚሆነው ሁሉ ይታያል። ሁለት ነገር ግን ይፈራል፦ ድንገተኛ ሙቀትና እርጥብ እጅ። ትኩስ ፈሳሽ ከተገለበጠበት ይሰነጠቃል፤ ድስቱን በረዶ ባለበት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ እስከ 20 ዲግሪ ማብረድ ያስፈልጋል። አንገቱ ላይ ያለችው ቀለበት የተሞላ ጠርሙስ ማንሻ አይደለችም፤ ሥሩን በእጅ ደግፎ ማንሳት ነው። ብርሃን ሆፑን ስለሚያበላሽ ጠርሙሱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን።

ውታፉ ደካማ ነው። ሲረጥብ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ጎማውም ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል፤ በሲሊኮን መቀየሩ ያዋጣል። በኤርሎኩም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ቀናት አልተማመንም። አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ከደፈነ ግፊቱ ውታፉን ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ ከ4 ሊትር በላይ አለመሙላት፣ በነዚያ ቀናትም በኤርሎኩ ፋንታ ወፈር ያለ ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ውሃ ያለበት ማሰሮ ውስጥ መንከር ነው።

ሃይድሮሜትሩ ትክክለኛ ነው፤ ችግሩ በየልኬቱ 100 ሚሊ ሊትር መፈለጉ ነው፣ የተለካው ደግሞ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ሦስት ጊዜ ብቻ መለካት ይበቃል፦ እርሾ ከመግባቱ በፊት፣ ከ10 ቀን በኋላ፣ ከዚያም 3 ቀን ቆይቶ። ቶሎ የሚያልቀው መቅጃ ቱቦው ነው። ውስጡ ሲጫጫር ባክቴሪያ ይደበቅበታል፤ ደብዘዝ ማለት ሲጀምር መጣል እንጂ ማሸት አይጠቅምም። ዕቃ ለማጽዳት መታጠብ የማይፈልገው የፎስፎሪክ አሲድ ማጽጃ ከበረኪና ይመቻል። ሁለቱን መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ።

የቢራውን ጣዕም ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሙቀት ነው። 11 ግራም የሚይዘው የደረቅ የኤል (በክፍል ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት) እርሾ እሽግ ለ20 ሊትር የተዘጋጀ ነው፤ ለ4 ሊትር 3 ግራም ይበቃል። እርሾው ሲሠራ ራሱ ስለሚሞቅ የጠርሙሱ ውስጥ ከክፍሉ በሁለት ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ከ24 ዲግሪ ካለፈ ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ጣዕም ያመጣል፣ በማቆየትም አይጠፋም። እዚህ ላይ ትንሽነቱ ጥቅም ነው፦ ጠርሙሱ ሳፋ ውስጥ ስለሚገባ እስከ ግማሹ ውሃ አድርጎ፣ ጠዋትና ማታ የበረደ የውሃ ኮዳ እየቀያየሩ ከ18 እስከ 19 ዲግሪ ላይ መያዝ ይቻላል። ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ናቸው።

ቢራውን ወደ መጠጫ ጠርሙሶች መገልበጥ የሚቻለው ሁለቱ የመጨረሻ ልኬቶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1.010 እስከ 1.012 ላይ ይቆማል፣ ይህም 5 በመቶ አካባቢ አልኮል ነው። የኤርሎኩ ቡልቅታ መቆሙ ማስረጃ አይሆንም። ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር የሚጨመረው ስኳር በሊትር 6 ግራም፣ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ተለክቶ፣ በጥቂት ውሃ ፈልቶና ቀዝቅዞ ይገባል። መብላላቱ ያላለቀ ቢራ ላይ ስኳር ከተጨመረ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ሰው ይጎዳል። ማሸጊያው አንገታቸው ላይ ወጣ ያለ ቀለበት ያላቸውን ጠርሙሶች በደንብ ይይዛል፤ ለስላሳ አንገት ላይ ይንሸራተታል። ከእያንዳንዱ ጠመቃ አንዱን በፕላስቲክ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማሸግ ጥሩ መላ ነው። በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ፕላስቲኩ በጣት ሲጫኑት ድርቅ ካለ ሌሎቹም ደርሰዋልና ወደ ፍሪጅ ይገባሉ።