የ90ዎቹን የሮቦት አኒሜ ልትገዙ ከሆነ ይህን አንብቡና ግዙ

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «የድሮዎቹን የሮቦት አኒሜ መግዛት ፈልጌ ነበር፣ በየትኛው ልጀምር?» ለአራቱም በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላክሁ። አምስተኛው ሲመጣ ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። አኒሜ ማለት የጃፓን ካርቱን ነው። 90ዎቹ ስል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከ1982 እስከ 1992 ገደማ መሆኑ ነው። ሪያድ ወይም ጅዳ ያደጋችሁ በአረብኛ ያያችሁት ግሬንዳይዘር እዚህ ውስጥ የለም። እሱ የ1975 ሥራ ነው።

መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ «ሞባይል ሱት ጋንዳም፦ ዘ ኤይትዝ ኤም ኤስ ቲም» የሚባለውን ግዙ። ጋንዳም ብዙ ተከታታዮች ያሉት የሮቦት ታሪክ ነው፣ ይህ ከነዚያ አንዱ ነው፤ ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ ስምንተኛው ቡድን እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ገንዘቤን የበላኝን ነገር ልንገራችሁ።

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ግዢዬ ኢቫንጌሊዮን ነበር። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያወራው። ያኔ ኦርጅናሉ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ያገለገለው እንኳ ከመቶ ዶላር በላይ ይጠራበታል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ብሎ በ32 ዶላር አወጣው። ደስ አለኝና ገዛሁ። ሲመጣ ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መታወቂያ ይመስላል፣ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ደብዝዟል። ከፈትኩት። 26 ክፍል በሦስት ዲቪዲ ላይ ታጭቋል።

የግርጌ ጽሑፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አሱካ የምትባለዋ ልጅ በአንዱ ክፍል አንድ ስም፣ በሚቀጥለው ሌላ ስም አላት። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። እንዲህ ዓይነቱ ኮፒ ላይ ንግግሩ ከጃፓንኛ ወደ ቻይንኛ፣ ከዚያ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚተረጎም ስሞቹ መንገድ ላይ ይለወጣሉ። እሱንም ቻልኩት። 16ኛው ክፍል ላይ ግን ዋናው ልጅ ከነሮቦቱ ጥቁሩ ጥላ ውስጥ መስመጥ ሲጀምር ምስሉ ቀጥ አለ። ዲስኩን አወጣሁ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁ፣ መለስኩት። እዚያው ቦታ ቀጥ አለ። ሰው በነገረኝ መሠረት የጥርስ ሳሙና ቀባሁት፣ አጠብኩት፣ አደረቅኩት። ምንም። ገልብጬ ብርሃን ላይ ስይዘው የዲስኩ ጀርባ ወይን ጠጅ ነው። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ጀርባው እንደ መስታወት ብርማ ነው የሚሆነው፤ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ሰው በኮምፒውተር የገለበጠው ነው። ችግሩ ጭረት አልነበረም፣ ከመነሻው ሲገለበጥ የተበላሸ ነው። ሻጩ መልስ አልሰጠኝም፣ በሳምንቱ ገጹም ጠፋ። 32 ዶላሬ በዚያው ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ ኦርጅናሉን በ45 ስገዛ ለአንድ ተከታታይ 77 ዶላር ከፈልኩ ማለት ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ዲቪዲ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የዲስኩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ሁለተኛ፣ ስንት ዲስክ ነው? ኦርጅናል ዲቪዲ በአንድ ዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ክፍል ነው የሚይዘው። ዘጠኝ ክፍል በአንድ ዲቪዲ ካያችሁ ምስሉ ተጨፍልቋል፤ ሮቦቱ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ስክሪኑ በሙሉ ትንንሽ ካሬ ይሆናል። ብሉ ሬይ ላይ ይህ ቆጠራ አይሠራም፣ ዲስኩ ብዙ ስለሚይዝ።

አሁን ወደ ሥራዎቹ።

ኢቫንጌሊዮን ከጥቅምት 1995 እስከ መጋቢት 1996 በቲቪ ቶክዮ የተላለፈ 26 ክፍል ነው፤ ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ፣ ስቱዲዮው ጋይናክስ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ጦርነቱን ትተው ሮቦቶቹን በሚነዱት ልጆች ጭንቅላት ውስጥ ይገባሉ፤ ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። በሐምሌ 1997 የወጣው ፊልም ሌላ መጨረሻ ይሰጠዋል። ፊልሙ የሌለበት ሳጥን ከገዛችሁ ግማሽ ነው የገዛችሁት። በ2021 መጨረሻ አሜሪካ የወጣው ብሉ ሬይ ፊልሙን ይዟል፣ ጥሩ ነው። ከሰኔ 2019 ጀምሮ ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ አለ። ኔትፍሊክስ ያላችሁ ሰዎች ለምን 45 ዶላር ታወጣላችሁ? እዚያ እዩት፣ ከወደዳችሁት ግዙ። አንድ የሚያናድደኝ ነገር፣ በየክፍሉ መጨረሻ የነበረው «ፍላይ ሚ ቱ ዘ ሙን» የሚለው ዘፈን ከጃፓን ውጭ ከኔትፍሊክሱ ወጥቷል፣ ከአዲሱ ብሉ ሬይም የለም። ዘፈኑን የሚፈልግ ሰው የድሮውን ዲቪዲ ነው የሚያሳድደው፤ ፎርጅዱም በብዛት የሚሸጠው እዚያው ነው። ተጠንቀቁ። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ አይሆንም፣ ወላጆች አደራ።

ጋንዳም ዊንግን የሚጠይቁኝ እዚህ አሜሪካ ያደጉት ናቸው፤ በ2000 በኬብል ከትምህርት ቤት መልስ ያዩት። 49 ክፍል ነው፣ ሁለት ሳጥን ሆኖ ነው የሚሸጠው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ በርካሽ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ሳጥን ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ግዙ። ጓደኛዬ ሁለቱንም እያንዳንዱን በ35 ገዛ። ሂሳቡን እንሥራው፦ 70 ዶላር ለ49 ክፍል፣ ለአንድ ክፍል 1 ዶላር ከ43 ሳንቲም። ከሁሉም ርካሽ ይመስላል። እሱ ግን 20ኛው ክፍል ላይ ተወው። ፖለቲካው ተወሳሰበበት፣ አንዱ ጀግና ከሌላው ጋር ለምን እንደሚዋጋ ጠፋበት። ላየው 20 ክፍል አንዱን በ3 ዶላር ከ50 ገዛ ማለት ነው። እኔ ዋጋ የማሰላው ታይቶ ባለቀው ነው።

ለስምንተኛው ቡድን 27 ዶላር ነው ያወጣሁት፣ ያገለገለ ብሉ ሬይ፣ ሳጥኑ ጥጉ ላይ ትንሽ የተላጠ። 12 ክፍል ነው። በክፍል 2 ዶላር ከ25። በወረቀት ላይ ከኢቫንጌሊዮን ይወደዳል። ነገር ግን በሁለት ቅዳሜ ያልቃል፣ ያስጀመርኳቸው ሰዎችም ሁሉ ጨርሰውታል።

ሥራው ለቴሌቪዥን አልተሠራም፤ በቀጥታ ለቪዲዮ ነው የተሠራው፣ ከጥር 1996 እስከ ሐምሌ 1999። ለ12 ክፍል ሦስት ዓመት ተኩል ወሰደ። ዳይሬክተሩ ታኬዩኪ ካንዳ ሥራው መሀል ላይ አረፈ፣ ኡማኖሱኬ ኢዳ ተረክቦ ጨረሰው። ያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ብረቱ ከባድ ነው። ሮቦቱ ሲረግጥ ጭቃው ይፈነጠራል፣ ወንዝ ሲሻገር ውኃው ወገቡ ላይ ይይዘዋል። ቦታው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። ዓለምን ብቻውን የሚያድን ልጅ የለበትም፤ አንድ ሺሮ አማዳ የሚባል ወጣት መኮንን፣ ሁለት ሌሎች ነጂዎች፣ አንድ መኪና። መኪናዋ መሬት ውስጥ መሣሪያ ሰክታ የጠላት ሮቦት እርምጃ ታዳምጣለች፤ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ኤሌዶር የሚባለው ልጅ ዝም ሲል እኔም ሶፋዬ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አባቴ መካኒክ ነበር። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ አብሬው ዞሬያለሁ፤ የዚህን መኪና ክላች ለዚያኛው ሲያስማማ፣ የጠፋ ብሎን በሌላ ሲተካ አይቻለሁ። ለዚህ ነው መሰለኝ የዚህ ሥራ አንድ ነገር ልቤን የነካው። የአማዳ ሮቦት በውጊያ ክፉኛ ይጎዳል። አዲስ አይመጣለትም። መካኒኮቹ እዚያው ካምፕ ውስጥ ባገኙት ብረት ይሠሩታል። ሲወጣ ጋንዳም የሚታወቅበት የግንባሩ ቀንድ የለም፣ በምትኩ እንደ ታክሲ አንቴና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ቆሞበታል። ደረቱም ሌላ ሆኗል። ስሙንም ኢዜድ ኤይት አሉት። ያንን ክፍል ለአባቴ አሳየሁት፤ ጃፓንኛም እንግሊዝኛም አይሰማም፣ ግን ሮቦቱ ተጠግኖ ሲወጣ «ጎበዝ ልጆች» አለ።

ሌላው በረዶ ተራራ ላይ ያለው ነው። አማዳና የጠላት ወገን የሆነችው አይና ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ብርዱ ሊገድላቸው ነው። እሱ የሮቦቱን የብርሃን ሰይፍ በረዶው ውስጥ ይከትና ያቀልጠዋል፤ ውኃው ይፈላል፣ እዚያ ይሞቃሉ። ሰው የሚቆርጡበት መሣሪያ ውኃ ማሞቂያ ሆነ። ከዚያ በላይ አልነግራችሁም።

ጉድለት አለው። ፍቅራቸው ቶሎ ይቸኩላል፣ አንድ ሁለት ክፍል ቢጨመርለት ይሻለው ነበር። ወጥመድም አለው፦ በ1998 «ሚለርስ ሪፖርት» የሚባል አጭር ፊልም ወጥቷል፣ ከተከታታዩ ተቆራርጦ ጥቂት አዲስ የተጨመረበት ነው። ተከታታዩ መስሎት የገዛ ሰው አውቃለሁ። 12 ክፍል የሚል ካልተጻፈበት እለፉት። ሌላ ጋንዳም አይታችሁ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፣ ከዚህ መጀመር ትችላላችሁ።

ሁለተኛ ምርጫዬ ኤስካፍሎኔ ነው፣ በተለይ «የሮቦት ነገር አይመቸኝም» ለሚሉ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም 1996 የተላለፈ፣ 26 ክፍል። ካርድ የምትገልጥ ሂቶሚ የምትባል ተማሪ ሰማዩ ላይ ጨረቃና መሬት አብረው ወደሚታዩበት ዓለም ትወሰዳለች። ሮቦቶቹ የጦር ልብስ ይመስላሉ፤ የዋናው ሮቦት ኃይል ከዘንዶ ልብ ነው የሚመጣው። ሙዚቃው የዮኮ ካኖና የሐጂሜ ሚዞጉቺ ነው፤ ለሙዚቃው ብቻ እንኳ ዋጋውን ያወጣል። እህቴ አንድም የሮቦት ፊልም አይታ አታውቅም፣ ይህንን ግን በአራት ቀን ጨረሰችው። በ2000 የወጣው ፊልም ታሪኩ ሌላ ነው፣ ተከታታዩን አይተካም። አሜሪካ በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን የታየውም ተቆራርጦ ነበር፤ ያኔ አይታችሁ ካልወደዳችሁት ሌላ ዕድል ስጡት።

ቢግ ኦ ጥቁርና ከባድ፣ ደስ የሚል ነው፤ ግን በ1999 የጀመረው 13 ክፍል መሀል ላይ ይቆማል፣ ቀሪው 13 በ2003 ነው የመጣው። ሁለቱንም ካላገኛችሁ አትጀምሩት።

ወደ አዲስ አበባ ለምትልኩ አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ልጅ እዚያ በፍላሽ አስጭኖ ነው የሚያየው፤ ኦርጅናል ይኑረው ብዬ ከዚህ የገዛሁትን ዲቪዲ በሰው እጅ ላክሁለት። ማጫወቻው አልቀበልም አለ። ዲቪዲ ዓለም በክልል ተከፋፍሎ ተቆልፎ ነው የሚሸጠው፤ የአሜሪካ ዲቪዲ ክልል 1 ነው፣ ኢትዮጵያ ክልል 5። ብሉ ሬይም እንዲሁ፤ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ አፍሪካና አውሮፓ ቢ ናቸው። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻ ክልሉን እንድትቀይሩ ይፈቅዳል፣ ግን አምስት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። የአክስቴ ልጅ ሦስቱን ሲሞክር ጨርሶ ደወለልኝ። ከመላካችሁ በፊት ማጫወቻው ሁሉንም ክልል ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

ስምንተኛው ቡድንን ያገለገለ ከ30 ዶላር በታች ካገኛችሁ አታመንቱ። ከ40 ካለፈ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ እኔ ስጠብቅ ወርዶ አግኝቼዋለሁ። ስትከፍሉም ሻጩ ሳጥኑን ከፍቶ ፎቶ ያሳያችሁ፤ ዲስኩን መሀሉ ላይ የሚይዘው ጥርስ ከተሰበረ ፖስታ ቤት ለፖስታ ቤት ሲንገላታ ይጫጫራልና፣ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ እንዲልክላችሁ ንገሩት።